ያልታመመው ቁርጭምጭሚት

መሳይ ጉለሌ ባለው የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ተማሪ፣ የኮሌጁም እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበር። ኳስ እግሩ ስር ስትገባ ዓለምን የሚረሳ፣ ከሜዳ ውጪ ግን ቃል የሚያጥረው ልጅ ነው። በረኛው ቦጋለ የልጅነት ጓደኛው ነበር። የቤታቸው አጥር አንድ ነው።

በ2014 ኅዳር፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰሞን፣ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። «ማን ይዘምታል?» ሲባል ቦጋለ እጁን አወጣ። በረኛው እጁን አውጥቶ አምበሉ እንዴት ዝም ይላል? መሳይም አወጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ምሽት የቦጋለ እናት እትዬ ሰርካለም ሁለቱንም አንድ ላይ አቅፈው አለቀሱ። «ሁለት ሆናችሁ መሄዳችሁ ይሻለኛል» አሉ።

አውቶቡሱ በሚነሳበት ጠዋት መሳይ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ጠምጥሞ እያነከሰ መጣ። ደረጃ ላይ ወለም አለኝ አለ። እግሩ ግን ምንም አልሆነም። ፈርቶ ነው። ፋሻውን በሩን ዘግቶ የጠመጠመው ራሱ ነው። ቦጋለ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረም፤ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አይዞህ፣ ሲሻልህ ትደርስብኛለህ። እስከዚያ እማዬን ጠይቃት» አለው።

ወለም ያለ እግር ደግሞ ኳስ አይመታም። ስለዚህ አምበሉ የውድድር ዘመኑን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት ግድ ሆነበት። ቡድኑ ሳስቶ ነበር፤ በረኛ ጠፍቶ ተከላካዩ ጓንት አጠለቀ። ሸጎሌ ባለው አቧራማ ሜዳ አንዱን ተሸነፉ፣ አንዱን አቻ ወጡ፣ ሌላውን በጭንቅ አሸነፉ። የክንፍ ተጫዋቹ የሀምዳን አፍ ደግሞ አያርፍም።

«ካፒቴን፣ ይሄ እግርህ የመንግሥት ሥራ ያዘ እንዴ? ቋሚ ሆነ እኮ!»

ሁሉም ይስቃል። መሳይም ይስቃል።

እትዬ ሰርካለም ግን አይስቁም። ስለ ልጃቸው ሊጸልዩ እንጦጦ ማርያም በወጡ ቁጥር ለመሳይ በትንሽ ፌስታል እምነት ይዘውለት ይወርዳሉ። ደጃቸው ላይ ያስቀምጡትና ፋሻውን በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ እምነቱን በጠበል አርሰው፣ ያን ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ይቀቡታል።

«ያምሃል?»

«ት... ትንሽ፣ እትዬ።»

«እመቤቴ ታውቃለች። አንተን ስትምርልኝ ለቦጋለም ትደርሳለች። ሁለታችሁን በአንድ ስለት ነው የተሳልኩት።»

ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ሲያልፍ ከበፊቱ አብልጦ ያነክስ ጀመር። እነግራቸዋለሁ ይላል ለራሱ፤ ቦጋለ ሲመለስ፣ እሱም ባለበት፣ እግራቸው ላይ ወድቄ እነግራቸዋለሁ።

ቦጋለ አልተመለሰም። ፍጻሜው ጨዋታ ሲቃረብ የእድሩ ሽማግሌዎች መሳይንና አሠልጣኙን ጋሽ ዓለሜን ለብቻቸው ጠሩና ነገሯቸው። መርዶው ለእናቱ የሚነገረው ግን የቦጋለ እህት ራኬብ ከቤሩት ስትገባ፣ ሰኞ ንጋት ነው።

«ጨዋታው ይቅራ» አሉ ጋሽ ዓለሜ።

«ከቀረ እናቱ ይጠረጥራሉ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ሜዳ ይመጣሉ። ተጫወቱ፣ ተጯጯሁ። እናት መርዶ ከኳስ ሜዳ አትሰማም።»

ቅዳሜ እትዬ ሰርካለም ልጃቸው ይቆምበት ከነበረው ጎል ጀርባ ቆሙ። ቡድኑ አንድ ለባዶ እየተመራ ዕረፍት ወጣ። መሳይ ወንበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ይፈታ ጀመር። ለቦጋለ ነው አለ ለራሱ።

«ኧረ በአላህ! ሙት ተነሳ!» አለ ሀምዳን፣ ምንም የማያውቀው።

ጋሽ ዓለሜ መሳይን አዩትና ፊታቸውን አዞሩ።

ገባ። ኳሷን እንደነካት ሁሉን ረሳ፤ ጦርነቱንም፣ መርዶውንም፣ ቦጋለንም። የመጀመሪያውን ለሀምዳን አመቻችቶ አስቆጠረ። ሁለተኛውን ራሱ ከርቀት መትቶ አገባና እንደ ሕፃን እየዘለለ ወደ ጎሉ ጀርባ ሮጠ። ደስታው የውሸት አልነበረም። በኋላ ሲያስበው የሚያቃጥለው ይኸው ነው።

እትዬ ሰርካለም አቧራው ላይ ተንበርክከው ነበር።

«ዳነ! እናንተ ሰዎች፣ አያችሁት? ዳነ!» ተነሥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሰማችኝ እኮ፣ መሳይዬ! አንተን ከማረችልኝ እሱንም አታስቀርብኝም። ልጄ ይመጣል።»

እግሬ ታሞ አያውቅም ሊላቸው አፉን ከፈተ።

«አሜን» አለ።

እሑድ እትዬ ሰርካለም ጧፍ ይዘው ለምስጋና እንጦጦ ወጡ። ሰኞ ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ በራቸውን አንኳኩ።

መሳይ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሰው ጀርባ ተሸጉጦ ተቀመጠ። እትዬ ሰርካለም አዩት። እያለቀሱ ወደሱ ዞሩ።

«ያንተን እግር ሰማችኝ። የሱን ነፍስ ለምን አልሰማችኝም? ላንተ የለመንኩትን ያህል ለልጄ አልለመንኩም ይሆን? ምን አጉድዬ ነው? ንገረኝ እስቲ።»

የሚነግራቸው ነገር ነበረው። ምንም አላጎደሉም። አንዲት ቃል ያን ጥፋት ከእሳቸው ላይ አንሥታ እሱ ላይ ትጥለው ነበር። ራኬብ እናቷን ደግፋ ቆማ የሱን ፊት ታያለች። መሳይ አንገቱን ደፋ። ሰውም ሐዘን መስሎት «አይዞህ» አለው።

ዛሬ የቤት ውስጥ መብራት እየዘረጋ ይኖራል። ኳስ ትቷል። ሀምዳን መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ «ና እንጂ ካፒቴን፣ ቅዳሜ ሰው ጎድሎብናል» ይለዋል።

«እግሬን» ይላል መሳይ።

በእትዬ ሰርካለም ደጅ ሲያልፍ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው። በራቸው ላይ ተቀምጠው እግሩን ያያሉና።

«እንኳን አንተ ዳንክልኝ» ይሉታል።

«አሜን» ይላል፣ እርምጃውን ሳያዛባ።