እህል ቤት የከረመው ኮምፒውተር

ልጄ ለሥራ ሱዳን ሲሻገር ኮምፒውተሩን እቤት ትቶት ሄደ። ውስጡ የእናቱ ፊልም አለ። ባለቤቴ ፎቶ ተነሺ ሲሏት ፊቷን በነጠላ የምትሸፍን ሴት ነበረች፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ሳታስበው ቀርጿታል። ከሞተች ወዲህ ምራቴ እየከፈተችልኝ አየዋለሁ። ሌላ መልኳ የለኝም።

ክረምት ሲገባ ምራቴ አይጥ ገመዱን እንዳይበላው ብላ ከማሽላው ጋር እህል ቤት ቆለፈችበት። እኛ ዘንድ ይጠበቅ የተባለ ነገር ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ማሽላው ላይ የነቀዝ ኪኒን ተጥሏል፣ እንደየዓመቱ። ዝናቡ ሲያባራ አውጥተን ብንጫነው ጸጥ አለ።

«በቃ ሞቷል» አለች ምራቴ።

«ሳይመረመር ሞተ አይባልም» አልኋት።

በጀለቢያዬ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ፣ ከኮኪት ሸሕዲ ወሰድሁት። እግሬ ደንዝዞ ነው የወረድሁ። ሠሪው የወሎ ሰው ነው። ከፍቶ አሸተተው።

«አባባ፣ ይሄን ከምን ጋር አስቀመጡት?»

«ከማሽላ ጋር።»

«ኪኒን ነበረበት?»

«ኪኒን የሌለው ማሽላ የት አይተሃል?»

ሳቀ። «ነቀዙ አንሷችሁ ነው ይሄን የጨመራችሁት? የኪኒኑ ጋዝ እኮ መዳብ ይበላል። ይኸው፣ ጠቁሯል።»

«ፊልሙስ?»

ከሆዱ አንድ የብረት ሳጥን ፈትቶ አወጣ። «ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ይሄ ድፍን ስለሆነ ውስጡ ሳይተርፍ አይቀርም። ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ አየዋለሁ። አሁን መብራት የለም፣ ነገ ይምጡ።»

«እስኪመጣ እቀመጣለሁ።»

«እንደፈቀደዎ።»

ቆርቆሮው ያቃጥላል። ውጭ የቀን ሠራተኞች መኪና ላይ ለመውጣት ይጋፋሉ። እሱ የጠቆረውን የሳጥኑን መገናኛ በእርሳስ ላጲስ ይፈትጋል። እኔ ላቤን እጠርጋለሁ። ለመጸለይም ደከመኝ።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሳጥኑ ሲር ሲር አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ሲር አለ። ከዚያ ባለቤቴ ወጣች። ጎንበስ ብላ ጀሪካን ታጥባለች። ቀና አለችና ልጇን አየችው።

«ዞር በልልኝ፣ ሥራ አለብኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ፊልሙ ይኸው ነው።

«ልድገመው አባባ?»

«ተዋት። ሥራ አለብኝ አለች አይደል።»

ሁለት ፍላሽ ላይ እንዲገለብጥልኝ ነገርሁትና ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንሁ።