ለግራ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ

ሜርል ኮቫሊክን የሚያናድደው ነገር ብዙ አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ እቶን ፊት ቆሞ ሲሠራ የአለቃውን ጩኸት በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው የሚያፈስ፣ ሚስቱ ዶሪን መኪናውን ከጋራዡ በር ጋር ስታላትመው «ተዪው፣ ቆርቆሮ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ባለፈው ጥር ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ ግን አንድ ነገር ደሙን ያፈላው ጀመር፤ የሰው ሐዘኔታ።

ሐዘኔታው ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ይመስል ዝግ ባለ ድምፅ ያናግሩታል። ቅዳሜ ካርታ ሲጫወቱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያጭበረብሩት የኖሩት ወንድሞቹ እያወቁ ይሸነፉለታል። ዶሪን ሥጋውን ከታትፋ ታቀርብለታለች። እሷን እንኳ ሊቆጣት አይችልም፤ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ የተኛችለት ሴት ናት። ስለዚህ ዋጥ ያደርገዋል፤ ሥጋውንም ንዴቱንም።

ለሜርል የቀረችው አንዲት ነገር የባክሆርን ክሪክ ክበብ አራተኛው ጠረጴዛ ነበረች። በእኛ የፔንስልቬንያ ኮረብታዎች መካከል ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው የት እንዳለ ከጠፋብህ እዚያ ፈልገው። አንድ ረጅም ጣሪያ ሥር አሥር የተኩስ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት ሃምሳ ያርድ ወዲያ፣ ከአፈር ክምሩ ሥር፣ አሥር ወረቀት በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይለጠፋል። አንድ ሰው አሥር ጥይት ይተኩሳል፤ ጥይቷም ሃያ ሁለት የሚሏት፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ናት። ያሸነፈ ሽልማት የለውም። የሚያገኘው ሳምንቱን ሙሉ ጉራውን የመንዛት መብት ነው፤ ይህም በሰፈራችን ቀላል ሀብት አይደለም።

ሜርል አራተኛው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ክበቡ ግን አንድ ጠንካራ ደንብ አለው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ወቅት አንዴም ያልተኮሰ ሰው ጠረጴዛው ለተራ ጠባቂ ይሰጣል። የተራ ጠባቂዎቹ ዝርዝር ደግሞ ከግድግዳው ተርፎ በሩ ላይ ደርሷል። መስከረም ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ሜርል ገና አንዲት ጥይት አልተኮሰም ነበር።

የነበረው ጠመንጃ አባቱ የተወለት ነው፤ በእያንዳንዱ ጥይት መቀርቀሪያውን ስቦ ማቀባበል የሚጠይቅ። ያንን የሚስበው ቀኝ እጁ ነበር። አሁን ያ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ በልመና ነው የሚይዘው። ሚያዝያ ላይ ሞክሮ ጠመንጃውን ከጠረጴዛው ላይ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲያ ክበቡ ሲሄድ ከኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን ያይ ነበር። ስለዚህ የሚፈልገው በግራ ትከሻው ደግፎ፣ በግራ እጁ ቃታ እየሳበ፣ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ነው። ያውም ከሦስት መቶ ዶላር የማይበልጥ።

ማክሰኞ ዕለት ከተማ ወደሚገኘው የጠመንጃ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ቀይ ፂም ያለው ወፍራም ሰው ነው። መጀመሪያ ያወረደለት ጠመንጃ ጥቁር ሆኖ መብራት፣ እጀታና ምን ምኑ ሁሉ የተንጠለጠለበት ነበር።

«ይሄ ዘጠኝ መቶ ነው፤ ወታደሮቹ የሚይዙትን ይመስላል» አለ ባለሱቁ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምተኩሰው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ደግሞ እስካሁን መልሶ ተኩሶብኝ አያውቅም።»

ባለሱቁ ከልቡ ሳቀና ጥቁሩን መልሶ ሰቀለው። ከሦስት መቶ በታች የሆኑትን አምስት ጠመንጃ ደረደረለት። ሜርል አንዱን በግራ ትከሻው ላይ አስጠጋ፤ ሌላውን አነሳ፤ ሁሉም አንድ መሰሉት። ባለሱቁ የተንጠለጠለውን ቀኝ እጁን አየ።

«ዛሬ አልሸጥልህም» አለው።

«እንዴት? ገንዘቤን ጠልተኸው ነው?»

«ገንዘብህንማ እወደዋለሁ። ግን አንተ የምትፈልገው የሚያምረውን ሳይሆን እጅህ የሚታዘዝለትን ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ ቆሞ አይታወቅም። ክበብ ያለህ ሰው አይደለህ? እነዚህ ሁሉ እነሱ ጋር አሉ። ተኩስባቸውና ና።»

ሜርል ዛሬም ድረስ ያንን ሰው ስሙ ሲነሳ ይመርቀዋል። ሊሸጥ ተቀምጦ አልሸጥም የሚል ነጋዴ በዕድሜው ስንት ጊዜ ያጋጥማል?

ሐሙስ ዕለት ክበቡ ሲደርስ ጓደኛው ቬርን ቀድሞ ወሬውን ነዝቶታል። ቬርን የአምስተኛው ጠረጴዛ ጌታ፣ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ከክበቡ ሁሉ ወሬ አዋቂና ከክበቡ ሁሉ መጥፎ ተኳሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ ላይ ሰባት ጠመንጃ ተደርድሯል፤ ባዶ መሆናቸው ከሩቅ እንዲታይ አፋቸው ተከፍቶ ቢጫ ላስቲክ ተሰክቶባቸዋል። የእኛ ሰው መኪናውን ለወንድሙ ላያውስ ይችላል፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ግን «ልሞክረው?» ያለውን ሰው አይመልስም። ሜርል ገና አፉን ሳይከፍት ነው ሰባቱ የመጡለት።

«ምረጥ እንግዲህ» አለው ቬርን፣ «ሰባት ሙሽራ ነው የቀረበልህ።»

«አንተ ያመጣኸው የትኛው ነው? እሱን እንዳልነካ።»

የመጀመሪያው ከበደው። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ የጥይት መያዣው ስፕሪንግ ግን በአንድ እጅ አልገፋ አለው። ሦስተኛው በቀኝ በኩል የሚተፋው ቀለህ በግራ ለሚተኩስ ሰው ፊት ለፊት ስለሚበር አንዱ ትኩስ ቀለህ ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ሜርል ዘፈን እንደጀመረ ሰው ከወንበሩ ተነሳ።

«እሱን ግዛው!» አለ ቬርን ሆዱን ይዞ። «እንደዚህ ስትወዛወዝ ካየሁህ ሃያ ዓመት ሆነኝ!»

አራተኛው የሎሬታ ነበር። ሎሬታ ሜዳውን የምትመራው ናት፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ ያን የሚያህል ልጅ ጸጥ ያሰኘችበትን ድምፅ ይዛ ጡረታ የወጣች። ጠመንጃዋ ሰደፉ የተጫረ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ከመስመሩ ሁሉ ርካሹ ነው። ሜርል ጥይቶቹን አንድ በአንድ በግራ አውራ ጣቱ ሞላ፤ እሺ አለው። አነሳው፤ ቀለለው። ቀለሁም ከፊቱ ራቅ ብሎ ወደ ቀኝ ወደቀ። ቅርብ ያለውን የብረት ሳህን አምስት ጊዜ ተኩሶ አምስቴ አንቃጨለው።

«ይሄ ስንት ነው?» አላት።

«የእኔን አልሸጥም። አዲሱ ሁለት መቶ ሰባ ነው። በል ዛሬ በዚህ ተወዳደር፣ ጠረጴዛህ ሳይወሰድብህ።»

ሜርል አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት በተቀመጠበት ወንበር፣ ወንበሩን ሁልጊዜ በሚያስቀምጥበት ቦታ። የሚፈራው መሸነፍን አልነበረም። የሚፈራው እጁ እንደተወው ዓይኑም ትቶት እንደሆነ ነው፤ ያ ከሆነ ከእንግዲህ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀሪ ዕድሜውን ይጨርሳል።

«ጆሮ ሸፍኑ! መስመሩ ሞቋል፣ ተኩስ ተፈቅዷል! አሥር ጥይት፣ አራት ደቂቃ!» አለች ሎሬታ።

ጠመንጃው ላይ በተገጠመው መነጽር ክብ ውስጥ ወረቀቱ ወለል ብሎ ታየው። ትንፋሹን ለቀቀና ቃታውን ሳበ። ጠመንጃው ራሱ አጎረሰ፤ እንደገና ሳበ። እንዴት ያለ ደስታ ነው! ከጥር ጀምሮ አንድ ነገር በጨረሰ ቁጥር ሰው ይረዳው ነበር፤ አሁን ማንም አልረዳውም። አሥሩን ጨረሰ፤ ባዶ መሆኑን አይቶ ቢጫውን ላስቲክ ሰካ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በቆመው፣ ሩቁን በሚያቀርበው ትልቁ ማያ ወደ ወረቀቱ ተመለከተ።

ወረቀቱ ነጭ ነው። አንዲት ቀዳዳ የለበትም። ዓይኑን ጠርጎ ደግሞ አየ። ከላዩ አራት የሚለው ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ወረቀት። አሥር ጥይት፣ አንዷ እንኳ ጠርዙን አልነካችም። አጠገቡ ቬርን በራሱ ማያ እያየ «ኧረ ዛሬስ! ኧረ ዛሬስ ጉድ ሠራሁ!» እያለ ብቻውን ይጮኻል። ሜርል የቬርንን ደስታ ለማበላሸት እንኳ አቅም አጣ።

«ሎሬታ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስሜን ሰርዢው። አራተኛውን ለተራ ጠባቂው ስጪው። እኔ ልሂድ።»

«መስመሩ ሳይበርድ፣ ተኩስ መቆሙን ሳልናገር ማንም ዕቃ አይነካም፣ ማንም አይነሳም። ደንቡ አንተ ስለከፋህ አይቀየርም። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ያቺን ሁለት ደቂቃ የመሰለች ረጅም ጊዜ ሆስፒታልም አላሳለፈም። ሎሬታ መስመሩን እየሄደች የአሥሩንም ጠመንጃ አፍ አየች፤ ከዚያ «መስመሩ በርዷል!» አለች። ሁሉም ወደ ወረቀቶቹ ሄዱ። ሜርል ባይሄድ ይመርጥ ነበር፤ ግን የገዛ ወረቀቱን ራሱ ያልነቀለ ሰው የለም፣ እናም ከኋላ ተከተለ።

አምስተኛው ወረቀት ፊት ሰው ተሰብስቧል። ሎሬታ በእስክሪብቶ ትቆጥራለች።

«ቬርን፣ ስንት ተኮስክ?»

«አሥር! ስንት ሊሆን ኖሯል?»

«እዚህ ሃያ ቀዳዳ አለ።»

እውነትም ሃያ ነበር። አሥሩ ዶሮ እንደጫረው ጥሬ ወረቀቱን ሞልቶ ተበትኗል። አሥሩ ደግሞ መሃል ላይ፣ የሻይ ስኒ አፍ በሚሸፍነው ቦታ ተሰብስቧል።

«የተሰበሰቡት የእኔ ናቸው» አለ ቬርን።

የሳቁ ድምፅ ኮረብታው ላይ ተሰማ። «አንተ? አንተ ጋብቻህንስ አንድ ላይ አድርገህ ታውቃለህ?» አለው ከወዲያ አንዱ፤ ቬርን ሦስቴ ያገባ ሰው ነው።

ሎሬታ ወደ አራተኛው ባዶ ወረቀት ዞረች፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው፤ ከዚያ ወደ ሜርል። ነገሩ ሁላችንንም ገባን። ሜርል ለቀኝ ትከሻ ባስለመደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን በግራ ሲደግፍ፣ አፈሙዙ ራሱ ወደ ጎረቤት ዞሮበታል። በመነጽሩ ትንሽ ክብ ውስጥ ደግሞ የማዕቀፉ ቁጥር አይታይም። ወረቀት ሁሉ ወረቀት ነው። አሥሩንም ጥይት፣ አንድ ሳይስት፣ የጎረቤቱ መሃል ላይ አስቀምጧል።

ሜርል አምስተኛው ወረቀት አጠገብ ቆሞ በግራ ጣቱ ቀዳዳዎቹን ዳሰሳቸው። ዓይኑ አልተወውም።

የጎረቤትን ወረቀት የመታ ሰው በክበቡ ደንብ ዜሮ ይመዘገብበታል። ወረቀቱ የተመታበት ደግሞ ከሃያው የተሻሉት አሥር ይያዙለታል። ስለዚህ ቬርን ዘጠና አራት አመጣ ማለት ነው፤ በሕይወቱ ስልሳን ያልተሻገረው ሰውዬ። ቬርን ወሬኛ ይሁን እንጂ ልቡ ጥሩ ነው።

«ኧረ ተዪ ሎሬታ» አላት፣ «ዘጠና አራቱ የእሱ ነው። ለሱ ጻፊለት። ሰውዬው እኮ ታሞ ነው የመጣው፤ ስንት ነገር አይቶ!»

አንዳንዱም ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሜርል ወረቀቱን ትቶ ሎሬታን አያት። የሚለምን ሰው ዓይን ነበር፤ የሚለምነው ግን ቬርን የጠየቀለትን አልነበረም።

ሎሬታ መዝገቡን ገለጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይሄ ሰው እዚህ የመጣው ተኳሽ ሆኖ ነው ወይስ በሽተኛ ሆኖ? በሽተኛ ከሆነ አግዳሚው ወንበር ላይ አበባ ላስቀምጥለት። ተኳሽ ከሆነ የጎረቤቱን ወረቀት ነው የመታው።» ከዚያ ያንን የአውቶቡስ ድምፅዋን አወጣች። «ሜርል ኮቫሊክ፣ አራተኛ ጠረጴዛ፣ ዜሮ! ደግሞ በሚቀጥለው ወቅት ወንበርህን አዙረህ ተቀመጥ፣ አንተ ደነዝ! ና ፈርም።»

ከጥር ወዲህ ደነዝ ያለው ሰው አልነበረም። ሜርል እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘና በተንጋደደ ጽሕፈት ፈረመ። እንባው መዝገቡ ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና አለ።

«እግዜር ይስጥሽ» አላት።

«ለምኑ? ለዜሮው?»

«ለዜሮው።»

ወደ ጣሪያው ሲመለሱ ቬርን ዘጠና አራቱን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያወራ ጀመር። ጥቂት እንደሄዱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ የትኛውን ልትገዛ ወሰንክ?» አለው።

«ዜሮ ያመጣሁበትን ነዋ» አለ ሜርል።