ጋዋን ያስለብሳሉ?

ዛሬ ቁርስ ላይ ለእማዬ «ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ላደርግ ነው» ብላት ሻዩ ትን አላት።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ርካሽ ነው፤ የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም፤ ሥራዬን ሳልለቅ እዚሁ ኤድመንተን ቤታችን ቁጭ ብዬ በኦንላይን እማራለሁ አልኳት።

«የመጣውን ሁሉ ነው የሚያስገቡት? እንደ ባስ?»

«እማዬ፣ ዲግሪው እኮ ያው ዲግሪ ነው።»

«እሱን ተይው። ጋዋን ያስለብሳሉ?»

«ያስለብሳሉ።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? አፕላይ አድርጊ!»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ጉዳይ በዚሁ አለቀ።

ሳሎን ውስጥ ከወንድሜ የምርቃት ፎቶ አጠገብ አንድ ምስማር አለ። እማዬ ናት ገና ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመታችው። እስከዚያው ብላ ካላንደር ሰቅላበት ነበር።

አሁን ሳየው ካላንደሩ ወርዷል። እኔ እኮ ገና አፕላይ አላደረግኩም!

እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተን ዩኒቨርሲቲ የመረጠው ማነው? እናንተ ወይስ ግድግዳው?