የተያያዘውን ይመልከቱ

ባለፈው ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል... የሰው ልጅ አጠፋሁ። ቀልዴን አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ፣ ያውም በኔ ኃላፊነት ሥር የነበረች።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ቦንጋ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» ጨምሯል። የውጭ ዜጋ የሚባል ተማሪም መምህርም የለንም፤ ከሩቅ መጣ ከተባለ እኔው ነኝ። ስሙ ግን ብቻውን አልመጣም፣ ወፍራም የፖሊሲ ጥራዝ ይዞ መጣ። የአለባበስ ፖሊሲ፣ የስልክ አጠቃቀም ፖሊሲ፣ የቅሬታ አቀራረብ ፖሊሲ... ሁላችንም ሳናነብ የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈርመን ወደ ክፍላችን ገባን።

አንዱ የልጆች ርክክብ ፖሊሲ ነው። ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት እንዲወስዱለት የሚፈቅድላቸውን ሁለት ሰዎች ቅጽ ላይ ይሞላል። በር ላይ ተረኛ የሆነው መምህር ደግሞ የመጣውን ሰው ስም ጠይቆ፣ ከቅጹ ጋር አመሳክሮ፣ አስፈርሞ ልጁን ያስረክባል። ዓርብ ዕለት ተረኛው እኔ ነበርኩ።

ዝናቡ የቦንጋ ዝናብ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ልጆቹ በረንዳው ላይ ታጭቀው ይጮሃሉ፣ ባጃጆቹ በሩ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ። መሃል ላይ ጃንጥላ የያዙ አንድ ሽማግሌ መጡ። ማርታ ገና ከሩቅ ስታያቸው «አባባ!» ብላ ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። አያቷ ናቸው ብዬ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፣ አላስፈረምኩም። በዚያ ዝናብ ሽማግሌ አቁሞ «ስምዎ ማነው?» ማለት ነውር መስሎ ታየኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የማርታ እናት ወይዘሮ አስቴር ከባጃጅ ወረዱ። ለሥራ ዋጫ ከተማ ሄደው መንገዱ ጭቃ ሆኖ አዘግይቷቸዋል።

«ቲቸር፣ ማርታን ጥራልኝ እስቲ።»

«አያቷ ወሰዷት እኮ።»

ሴትዮዋ ክው አሉ። «የምን አያት? የኔም አባት የባሌም አባት ካረፉ ስንት ዘመናቸው!»

ወደ መንገዱ ሮጥ ብዬ ግራ ቀኙን አየሁ፤ ሽማግሌውም ማርታም የሉም።

«ምን ዓይነት ሰው ነው የወሰዳት?»

«ሽማግሌ ናቸው... ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል...»

«ጥቁር ጃንጥላ ያልያዘ ሽማግሌ የት አለ? ስሙ ማነው?»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

የሳቸው ስልክ ባትሪ ጨርሷል። በኔ ስልክ ወደ አባቷ ደወልን፤ ሰውየው ለሥራ ቢታ ገነት ናቸው፣ ኔትወርክ የለም። ቢሮ ሮጬ የማርታን ቅጽ አወጣሁ። ሁለት ስም መኖር የነበረበት ቦታ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የተያያዘውን ይመልከቱ» ይላል። ገለጥ ሳደርገው ሌላ ወረቀት ተያይዟል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ስልክ። ሠላሳ አንድ ሰው! አናቱ ላይ ሳይ... የሰፈሩ እድር የአባላት ዝርዝር ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኩ።

ወይዘሮ አስቴር በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ አፈሩ። «አባቷ ነው። ሁለቱን ብቻ ብንጽፍ ሌላው ይቀየመናል ብሎ...»

ሌላ ምርጫ ስለሌለን ከተራ ቁጥር አንድ ጀምረን መደወል ያዝን። እሳቸው በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ያወራሉ፣ እኔ «ማርታ» የሚለውን ብቻ እየለየሁ ፊታቸውን አያለሁ። ያነሳው ሁሉ «እኔ ጋ የለችም» ይላል፣ ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ይዘጋል። የማያነሱም ነበሩ። ሃያዎቹ ላይ ሳንደርስ በሩ በሰው ሞላ። በነጠላ ጫማ የወጣ አለ፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣ አለ፣ አንዷ እጇ ላይ ሊጥ አለ። ሁሉም ወዴት ወዴት እንሂድ ይባባላል። እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ፣ ልጅቷ ካልተገኘች በየት በኩል ሰው ሆኜ እኖራለሁ እያልኩ ነበር።

ድንገት ከኋላ አንድ ሰው ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረጉ፣ እያለከለኩ መጡ።

«የማን ልጅ ናት የጠፋችው?»

ዞር አልኩ። ሽማግሌው ናቸው። ጃንጥላቸው ሥር፣ ኮታቸውን ደርባ፣ የተጠበሰ በቆሎ የምትግጥ... ማርታ!

ለካ ጋሽ ገብሬ የሚባሉ፣ ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ያሉ ጎረቤታቸው ናቸው። አባቷ ምሳ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ሲያገኙ ደውለው «እናቷ ትዘገያለች፣ ይውሰዱልኝ» ብለዋቸዋል። ሽማግሌው ስልካቸውን ቤት ረስተው ነው የወጡት። መንገድ ላይ ሰው ሲሮጥ አይተው ቢጠይቁ «ትምህርት ቤት ልጅ ጠፋ» ተባሉ። እሳቸውም ማርታን ብቻዋን አልተዋትም ብለው፣ ይዘዋት ፍለጋ ወጡ።

«እቺው ናት ጋሽ ገብሬ! እቺው ናት!» አሉ ወይዘሮ አስቴር፣ ልጃቸው ላይ ተጠምጥመው እየሳቁም እያለቀሱም። ሰዉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሳላፍር አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ተመስገን ብዬ አላውቅም።

ትንሽ ሲረጋጋ ጋሽ ገብሬን ጠጋ ብዬ «ስምዎን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው» አልኳቸው።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? እነግርህ ነበር» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት አባትየው ቅጹን እንዲያስተካክሉ ተጠርተው መጡ፤ ተረኛ ስለነበርኩ እኔም ተጠራሁ። ዳይሬክተራችን ፖሊሲው ከሁለት ስም በላይ እንደማይፈቅድ በትህትና አስረዷቸው። ሰውየው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት፤ እስክሪብቶውን አንዱም ስም ላይ ማሳረፍ አልሆነላቸውም።

«ማንን ላውጣ?»

አባትየው ወደኔ ዞሩ።

«ቲቸር፣ ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ እስቲ።»

ሊከሱኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ነገርኳቸው። ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ብለው ከሥር ጻፉኝ።

«እንዴ... ለምን?» አልኳቸው።

«ከዓርብ በኋላ እንዳንተ የሚጠነቀቅላት ሰው አይኖርም።»

እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን እኔን አልጽፍም ነበር።