የኋላው ግድግዳ

እንጀራዬ የምድርን ዝግታ ማንበብ ነው። በሩቅ አገር፣ የባሕሩ ወለል ከየብሱ ሥር በሚገባባቸው ዳርቻዎች፣ መሬቱ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ለሳምንታት ይንሸራተታል። ሰው አይሰማውም፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። የሚያውቁት መሬት ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ይህ ዝግተኛ መንሸራተት አንዳንዴ ጉልበቱን በሰላም አብርዶ ያልፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሸክሙን አጠገቡ ተጣብቆ ወደ ቀረው ክፍል ያዛውርና ለትልቁ መንቀጥቀጥ ያመቻቸዋል። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁን ሰው አትመኑት።

የእኛ አገር ምድር ጠባዩ ሌላ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ሥር አይገባም፣ እየተሰነጠቀ ይራራቃል እንጂ። ይህን ለታላቅ ወንድሜ ስንት ጊዜ አስረዳሁት። «ታዲያ ለማናውቀው ባሕር ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?» ይለኝና ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር፣ ድሮ።

እናታችን የምትኖረው ከዊንጌት ወደ ላይ፣ እንጦጦን ተደግፎ ባለው ዳገት ላይ፣ በአሮጌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። መኝታዋ ከኋላ ነው። ግድግዳው የዳገቱን አፈር በጀርባው ተሸክሞ የቆመ ሲሆን ከጣሪያው እስከ ወለሉ የወረደ ስንጥቅ ነበረበት። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሚስማር መታሁና በሄድኩ ቁጥር መሃላቸውን በማስመሪያ እለካ ጀመር። ይሰፋል። በጣም በቀስታ፣ ግን ይሰፋል። ዳገቱ ግድግዳውን ወደ አልጋዋ እየገፋው ነበር።

«እማዬ፣ ሳሎን ተኚ» አልኳት።

«ሳሎን? እንግዳ ሲመጣ የት ላስቀምጠው ነው?» አለች፣ ያበድኩ መስሏት።

ሳሎኑን ወንድሜ ነው ያሳመረላት። የሶፋው ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም ነበር። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ደህናውን ክፍል በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ቆልፈን እናስቀምጥና ራሳችን ጓዳ እንታፈናለን። ወንድሜን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ ለመንኩት። «አታስፈራራት። ከሰርጓ ጀምሮ የተኛችበት ክፍል ነው» አለኝ።

ከዚያ በአዋሽ በኩል ምድር መናወጥ ጀመረች፤ አዲስ አበባም ተነቃነቀች። ቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ያዘ፤ የፎቅ ነዋሪው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሜዳ ወጣ። በስንት ዘመናቸው ትዝ ያላልኳቸው ዘመዶች ሁሉ ደወሉልኝ። ወንድሜም ደወለ።

«ትልቁ ይመጣል?»

«አላውቅም። እኔ የማውቀው የእማዬን ግድግዳ ነው።»

«እሱን አሁን ተወው፣ በናትህ» አለ።

ያን ሰሞን እናቴ ከፍርሃቷ የተነሣ ሳሎን ተኛች። በሕይወቴ መንቀጥቀጥ ያመሰገንኩት ያኔ ብቻ ነው። ሄጄ ስለካ ሚስማሮቹ ከወትሮው የተለየ ነገር አላሳዩም፤ ግድግዳው በራሱ መንገድ፣ በራሱ ዝግታ ይሄድ ነበር። ከተማው ሲረጋጋ እሷም ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ የማኅበር ተራዋ ደረሰ። ማኅበርተኛ መጥቶ፣ ዕቃ ሊያስቀምጥ መኝታዋ ገብቶ የተሰነጠቀ ግድግዳ አይቶ ቢወጣ ለእናቴ ከሞት አይተናነስም። ወንድሜ ሠራተኛ ጠርቶ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ አስመረገው፣ ነጭ ቀለም አስቀባው፣ ሚስማሮቼንም አስነቀላቸው። ስሄድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጠበቀኝ። «አየህ? ምንም የለውም» አለኝ። ያን ጊዜ ጠላሁት።

ክረምቱ ከበደ። በነሐሴ፣ ከፍልሰታ ቅዳሴ ተመልሳ ጋደም ባለችበት፣ ግድግዳው ከነአፈሩ እላይዋ ላይ ወደቀ። ሳሎኑ ምንም አልሆነም።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር፤ መንቀጥቀጡ ቤቱን አናግቶት ኖሮ ነው እያለ። ወንድሜም ለሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ ያንኑ ይተርካል። «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ማን ይችለዋል» ይላል። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መቼም የተማርከው ይህንኑ ነው። መንቀጥቀጡ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደም መስሏል። አዎ እንድልለት እየለመነኝ እንደሆነ ገባኝ፤ አዎ ማለት እችል ነበር።

«አይደለም፣ አባቴ። ያን ቀን ምድር አልተንቀጠቀጠችም።»

«ታዲያ ምን ገደላት?»

«እኔና እሱ እናውቃለን» አልኩ።

ወንድሜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ሰዉ ሁሉ እሱን ሊይዝ ተነሣ። እኔ አጠገብ የቀረ ሰው አልነበረም።