ሽማግሌ ፊት ያነበብሁት የፍቅር መጽሐፍ

ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ሆሳዕና ከተማ ሳለን ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ደራሲ ነበር። መልኩን እንኳ አላውቀውም። ነጋዴው አጎቴ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ሲመለስ የእሱን አዲስ መጽሐፍ ካላመጣልኝ እግዜር ይስጥልኝም አልለው። ታሪኩ እንደሆነ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድሀ ልጅ የሀብታም ልጅ ይወዳል፣ አባቷ ይቆጣል፣ ደብዳቤ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ይጋባሉ። ታዲያ ምን አለበት? የእኔ ደራሲ ማንንም አይገድልብኝም። እናቴ ስትቆጣኝ፣ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ ሲል፣ መጽሐፉን ይዤ ከጓሮ እንሰቱ ሥር እቀመጥና ነፍሴ መለስ ትላለች።

ችግሩ አነባበቤ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የማውቀው ንባብ የጸሎት ንባብ ብቻ ነበር። ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ እንዳለም አልሰማሁ። ስለዚህ «ዓይኖችሽ እንቅልፍ ነሱኝ» የሚለውን ሳይቀር በጸሎት ዜማ እየጎተትሁ ነበር የማነበው። ማንበብ የማትችለው እናቴ ከቤት ሆና የምትሰማው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይደለም። ደብዳቤው ሲጠፋ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ፣ ለጎረቤቶቿ «ተዉአት፣ ስቅለቱ ላይ ደርሳ ነው» ትላቸዋለች።

ወሬው ከተማውን ዞረ። የአገረ ገዥው ጸሐፊ ልጅ ጸሎተኛ ሆነች ተባለ። ገበያ የሚመጡት የሀድያ ሴቶች እንኳ ሲያዩኝ ከመንገድ ገለል ይሉልኝ ጀመር። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ ቅጂ የሚለኝ ጠፋ!

ከዚያ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ለትምህርት ከተማችን የከረመ አንድ ዲያቆን ቅስና ተቀብሎ ወደ አገሩ ወደ ዶዮገና ሊመለስ ነው፤ ከመቀሰሱ በፊት ደግሞ ማግባት አለበት። ከእኔ የተሻለች ጸሎተኛ ከየት ትምጣ? አባቴ የወጉን ያህል አንድ ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ መለሳቸው፤ በሁለተኛው እሺ እንደሚል ግን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ ጓዳ ገባሁ። የቄስ ሚስት! አጎቴ በማይደርስበት ደጋ! የፍቅር መጽሐፍ ማን ሊያስነካኝ? ባል የማገኝ ሳይሆን ደራሲዬን የማጣ መሰለኝና አለቀስሁ።

በቀጠሮው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽማግሌዎቹ ደጁ ላይ ተቀመጡ። ትልቅየው ለአባቴ፣ «እስቲ ልጅቱ ትምጣና ታንብብልን፤ በረከት እናግኝ» አሉት።

የጸሎት መጽሐፉ መደብ ላይ ነበር። አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ሞቼ ልገኝ አልሁና የደራሲዬን መጽሐፍ ይዤ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜም ያለ ዜማ፣ ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ አድርጌ አነበብሁ፦ «ውዴ ሆይ፣ ከንፈርሽን ካየሁ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።»

ትልቅየው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ የየትኛው ቅዱስ ገድል ነው፣ ልጄ?»

«ድሀ ልጅ ለሐር ነጋዴ ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ አባቴ።»

ወይ ጉድ! እናቴ ደረቷን መታች። አባቴ የሚገባበት ጠፋው። ሦስቱም ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ፤ እኔም ተገላገልሁ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ይሄኔ ከአጥሩ ጀርባ፣ «አንድ ገጽ ዘለለች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «አባቶቼ፣ ልጁ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት ወንዙን መሻገር አለበት!»

ዲያቆኑ ነበር። ሽማግሌ ልኮ ቤቱ መቀመጥ ሲገባው አጥራችን ሥር ቆሟል።

አባቴ «አንተ ደግሞ ይህን ከየት ሰማኸው?» ብሎ ጮኸ።

«ከዐቢይ ጾም መጀመሪያ አንስቶ በየቀኑ እዚሁ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። ጸሎት እንዳልሆነማ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።» ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ልቤ ሊፈነዳ ሲል እናቷ ይጠሯታል፣ ጥላኝ ትገባለች። እንዲህ ከምሰቃይ ብዬ ነው ሽማግሌ የላክሁት።»

ትልቅየው ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። «ለመሆኑ ልጁ ወንዙን ተሻገረ?» አሉኝ።

እኔ የማየው ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለውን ዲያቆን ነበር። ረጅም ነው፣ ጆሮው ትንሽ ቆም ያለ፣ መልሴን ሲጠብቅ አፉን ከፍቶ የቀረ። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። መጽሐፉን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

«ቀሪውን» አልሁ፣ አባቴ ገና እሺ ሳይል፣ «የራሳችን ቤት ስንገባ አነብልሃለሁ።»