ለጎብኚዎች ያነበብኩት ደብዳቤ

አጎቴ አምስት ልጆቹን አስተምሮ እኔን ብቻ ከትምህርት አስቀረኝ። ያሳደገኝ እሱ ነው። የአጎቴ ልጆች ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ መርካቶ ባለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሰው በርበሬ እየፈጨሁ አስነጥስ ነበር። አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ፊደል አልለይም ነበር። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ ይህን የተደረገብኝን የማያውቅ ሰው የለም፤ ለሰማኝም ላልሰማኝም አውርቼዋለሁ። እኔ ያደረግኩትን ግን ነገሩ ከሚነካቸው በቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ ጾም መግደፌን ነግሬያቸው፣ ስግደት ተቀብዬ እመለሳለሁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን መርዶ የያዘ ደብዳቤ አምነው እጄ ላይ አስቀመጡ። እኔ ማንበብ ሳልችል አነበብኩላቸው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሰፈራችን ሲታፈስ እኔም ታፈስኩ። ከእስር ስወጣ አገር ለቅቄ፣ ብዙ ተንከራትቼ፣ ዙሪክ ገባሁ። ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ኦርሊኮን በሚባለው ሰፈር አንድ ትንሽ የጉዞ ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ። የቢሮው ባለቤት ሬጉላ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሰዎችን ወደ ጃማይካ ትልካለች። ሆቴል ገብተው አሸዋ ላይ ለሚጋደሙት አይደለም። «እኔ የማሳየው የሕዝቡን እውነተኛ ኑሮ ነው» ትላለች። ጎብኚዎቿ ጠዋት በቀርከሃ ታንኳ ወንዝ ይወርዳሉ። ቀን ከመንደር ሴቶች ጋር ካሳቫ የሚባለውን ሥር ፍቀው ቂጣ ይጋግራሉ። ከሰዓት በኋላ ተራራ ላይ ወደሚኖሩት ራስታዎች ወጥተው ከበሮ ይማራሉ። ራስታዎቹ፣ መቼም ታውቃለህ፣ የእኛን አገር እንደ ጽዮን ነው የሚያዩት።

አንድ ቀን ቆሻሻ ስደፋ ውዳሴ ማርያም አንጎራጉር ነበርና ሰማችኝ።

«አንተ ቄስ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

«ዲያቆን ነኝ» አልኳት።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ዲያቆን የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ጣፈጠኝ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ነበርኩ፤ በአንድ ቃል ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። በሦስተኛው ወር፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ነጭ ነጠላ ለብሼ፣ ዳዊት ይዤ፣ ከአሥራ አንድ ጎብኚዎች ጋር ደሴቲቱ ላይ ወረድኩ። ሥራዬ ቀላል ነበር። ከበሮው ዝም ሲል ዳዊቱን እገልጥና በቃሌ የማውቀውን እላለሁ። ገጽ መግለጥ እንኳ አልረሳም፤ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ እሰዳለሁ። ፎቶ ያነሱኛል።

የመንደሩ ሽማግሌ ጋሼ ዕዝራ ይባላሉ። ከበሮ ሠሪ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አንድያ ልጃቸው ሊዲያ ወደ ሻሸመኔ ሄዳ እዚያ ካሉት ራስታዎች ጋር ተጣላች፣ የእኛን አገር ሾፌር አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። ያን ዕለት እኔ «ጸሎቴን» ስጨርስ ሽማግሌው ተነሥተው ከደረታቸው ኪስ ፖስታ አወጡ። ከኢትዮጵያ የመጣ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነው። የሚያነብላቸው አጥተው አራት ወር ይዘውት ዞረዋል።

«ዲያቆን፣ አንተን የላከህ እግዚአብሔር ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «አንብብልኝ። ሰው ሁሉ ይስማ።»

መነጽሬን ረሳሁ ማለት አቅቶኝ ነው? እጅ ጽሑፉ አይነበብም ብል ምን እሆን ነበር? አጎቴ እንዲህ አደረገኝ እንዳልል፣ «አላነብም» ማለትን አጎቴ አልከለከለኝም። ጎብኚዎቹ ተቀምጠው ያዩኛል። ሬጉላ ታየኛለች። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እኔ አነበብኩ።

«ልጅዎ ደህና ናት። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው። እጅ ትነሣለች።»

«ልጅ ወልዳለች ይላል?»

«ገና ነው ይላል።»

ሽማግሌው አለቀሱ። ከበሮው ተመታ። ጎብኚዎቹም አለቀሱ፤ ሬጉላማ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ነበር። ጋሼ ዕዝራ እጄን ስመው «መልሱን አንተ ጻፍልኝ» ብለው ደብዳቤውን ከነፖስታው ሰጡኝ። አድራሻው እሱ ላይ ብቻ ነበር። ዙሪክ እንደገባሁ እልካለሁ አልኩ። ማን ሊጽፍ?

በሚቀጥለው ዓመት ሬጉላ በጉዞው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ በዲያቆኑ ሲነበብ መስማት። ጎብኚ ሁሉ የወደደው እሱን ሆነ። እንግዲህ ደብዳቤ መምጣት አለበት። እኔም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁትን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ገንጥዬ ይዤ ሄድኩ። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ዛሬ አውቃለሁ፤ ለማኅበሩ ድግስ ዳቦ የሚያመጣው ማን፣ ጠላ የሚያመጣው ማን እንደሆነ የሚል ዝርዝር ነው። ለሽማግሌው ያን የልጃቸው መልስ አስመስዬ እያየሁ «ደህና ነኝ አባባ» ብዬ አነበብኩ።

በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ባሰብኝ። «ዛሬም ገና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ፊታቸው አሳዘነኝ። ወይስ ጎብኚዎቹ እንዳይሰለቹ ፈርቼ ነው? ይህን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። «ወንድ ልጅ ወልዳለች» አልኩ። መንደሩ ተናወጠ። ሥጋ የማይቀምሱት ሰዎች ያላቸውን ምግብ ሁሉ አውጥተው ደገሱ። ሽማግሌው ለሕፃኑ ስም አወጡለት፤ ይስሐቅ አሉት። እኔ በሌለ ልጅ አያት አደረግኳቸው።

ከዚያ ሬጉላ ታመመችና ቢሮውን ዘጋች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ዝም አልኩ።

ማን አጋለጠኝ? እትዬ ሙሉነሽ። ጄኔቫ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር የአንድ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ለንግሥ ጄኔቫ ሄጄ ትራም ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አንተ ወንድሜ፣ መነጽሬን ቤት ጥዬው መጣሁ። እህቴ ምን እንዳለች አንብብልኝ።»

አመሌ ነውና አየት አድርጌ «ሁላችንም ደህና ነን፣ እንዴት ነሽ ነው የምትል» አልኳት።

ስልኩን ተቀብላ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ ዓይኗን አጥብባ አየችው። «ደህና ነን? እናታችን ነገ ልትቀደድ ነው የሚለው! አንተ ሰውዬ፣ ዕውር ነህ ወይስ ክፉ?»

«ማንበብ አልችልም» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገርኩት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ «ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ደብተር ይዘህ ና» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ባልገባሁ ሐሙስ ሁሉ፣ ከዙሪክ ጄኔቫ ተመላለስኩ። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ታስቀምጠኛለች። «ምነው ‹ጨ›ን እንዲህ አንጋደድካት? ጠጥታለች እንዴ?» ትለኛለች። የሚያልፍ ሐበሻ ሲኖር ደብተሩን እሸፍናለሁ፤ እሷ ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

በ2008 አንድ ሐሙስ ስመለስ ባቡር ውስጥ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አወጣሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ እጅ ጽሑፍ ደግሞ ይከብደኛል። ሎዛን እስክንደርስ ሰላምታውን ጨረስኩ። ፍሪቡርግ ላይ «ልጅዎ ሊዲያ» የሚለው ጋ ደረስኩ። በርን ስንገባ «አርፋለች» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ፊደል በፊደል ቆጠርኩት፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳትኩም። የጻፉት ወይዘሮ ዘሪቱ የሚባሉ የሊዲያ የዶዶላ ጎረቤት ናቸው። «ልጅዋ ሣራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አባቷ ጥሏት ሄዷል፣ አሁን ከእኔ ጋር ናት። እኔ አርጅቻለሁ። አያቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቀኛለች። ቢመጡ መልካም፤ ባይመጡ አንድ ቃል ይላኩላት» ይላል።

ገና ነው ይላል ብዬ ነበር እኮ! የስምንት ዓመት ልጅ ወረቀቱ ላይ ቆማ እያየችኝ፣ እኔ ገና አልተወለደችም አልኩ።

አሁን ወዲያው ጻፈ ብለህ ትጠብቃለህ? አልጻፍኩም። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም አልኩ። ያኔ ሰበቤ መሃይምነት ነበር፤ አሁንስ? ማንበብ የተማረው እኔ ዝም ያለው ዝምታ ከመሃይሙ ውሸት ይከፋል። መጨረሻ ላይ በዚህ በተጋደደ ፊደሌ ወደ ዶዶላ ጻፍኩ፤ ያደረግኩትን አንድም ሳላስቀር። መልሱ ከሣራ መጣ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እትዬ ዘሪቱ አስተምረዋት ሞተዋል። ያለችበትን ስልክ ጽፋ፣ ከሥሩ ይህን ብቻ ጨመረች፤ «አያቴ ደብዳቤው ደርሶት የናቀኝ መስሎኝ፣ እሱን እየጠላሁ ነው ያደግኩት።»

የጋሼ ዕዝራን ስልክ ፍለጋ ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ከተማ ሬጉላ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «ያኔ ሁላችንም አልቅሰን ነበር» አለችና በሩን ዘጋች።

ሽማግሌው ድምፄን ወዲያው ለዩት። «ዲያቆን! ደብዳቤ መጣ?»

ዲያቆን አይደለሁም አልኩ። ማንበብ አልችልም ነበር አልኩ። ከዚያ «አሁን ትችላለህ?» አሉኝ። እችላለሁ ስላቸው «እንግዲያው አንብብ» አሉ። በአማርኛ አንድ መስመር አነባለሁ፣ በተሰበረ እንግሊዝኛዬ እተረጉማለሁ። ስጨርስ «እንደገና» አሉኝ። እንደገና አነበብኩ።

«ይስሐቅስ?» አሉኝ።

«ይስሐቅ የለም፣ ጋሼ። ኖሮም አያውቅ።»

«በየማለዳው ስሙን ጠርቼ ጸልያለሁ። ይኸው ስድስት ዓመቱ። ያን ሁሉ ጸሎት የት ላድርሰው?»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «የልጅቱን ቁጥር ንገረኝ» አሉ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አንድ በአንድ ደገሙልኝ። «አንተ ከዚህ በኋላ አትደውል» ብለው ዘጉት። አልደወልኩም። ይቅር በሉኝም አላልኩም፤ ይቅርታ ጠይቆ መገላገልም ለእኔ ይበዛብኛል።

ማምሻውን ከሣራ አጭር መልእክት ደረሰኝ። በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት አወሩ፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የእነሱ ጉዳይ ያለ እኔ እልባት ያገኘው ያን ዕለት ነው፤ ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.።